የሙከራው ሸክላ

ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አባትየው ግን ገና ከማለዳው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ልጁ፣ ጥርስ ሠሪው፣ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲፈልግ ገርበብ ባለው በር በኩል አየውና ቆም አለ። አባትየው ጢሙን ሁለት ጊዜ ነው የተላጨው፤ አንዴ ትናንት ማታ፣ አንዴ ዛሬ ጠዋት። አገጩ ሥር የተቆረጠበት ቦታ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፏል። «ሱሪው ይጨማደድብሃል እኮ አባዬ!» አለች ታላቅ እህቱ ከማእድ ቤት፣ በዚያ ቤት ሁሉም ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ ማለትም እየጮኸች። «ታዲያ ቆሜ ልዋል?» አላት ሽማግሌው። ጆሮው ከደከመ ወዲህ እሱም ይጮሃል፤ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ባልና ሚስት የዚህን ቤት ወሬ የሚሰሙት ከራሳቸው ቤት ወሬ አስቀድመው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው በጉብዝናው ዘመን በአንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ሁለተኛ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። ያ ባንድ ያስቀረጸው አንድ ዜማ አለ፤ የጃዝ አፍቃሪዎች ዛሬም ሲያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉለታል፣ ሸክላው ከተገኘም የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያወጣል። መሐሉ ላይ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ያፈገፍግና ሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል። ሰውን የሚያሳብደው ያ ቦታ ነው። የሸክላው ሽፋን ላይ የተጻፈው ግን የባንዱ መሪ ስም ብቻ ስለሆነ፣ ማን ነፋው የሚለው ነገር አፍቃሪዎቹን ሲያነታርክ ኖሯል። እሑድ እሑድ ስለ ድሮ ሙዚቃ በሬዲዮ የሚያወራው ጡረተኛ ዜና አንባቢ «የነፋው ሻምበሉ ነው» ብሎ ፈርዷል፤ ሻምበሉ የባንዱ አንደኛ ሳክስፎን የነበረ፣ ድሮ የሞተ ሰው ነው። አባትየው ደግሞ «የዚያን ዕለት ሻምበሉ ታሞ ቀርቷል፤ የነፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። አንድ ጊዜ ይህንኑ ሊናገር ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃ «አባት፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ እኔ ነኝ ነው የሚለው» ብሎ መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ያንን ዜማ የሚያነሳ የለም፤ በሬዲዮ ከመጣም እህቱ ሮጣ ትዘጋዋለች።

በዚህ ሳምንት ግን እህቱ ግድግዳ ልታስቀባ ቁም ሣጥኑን ስታስነሳ ከጀርባው በትራስ ልብስ የተጠቀለለ ሸክላ ተገኘ። ሽማግሌው ሲያየው ወዲያው አወቀው። በዚያው ዕለት፣ ዋናው ከመቀረጹ በፊት፣ ባንዱ ለሙከራ የተቀረጸበት ነው፤ ከፋብሪካ በሺህ የሚወጣው የፕላስቲክ ሸክላ ሳይሆን፣ ብረት ላይ ጥቁር ሙጫ ተቀብቶ እዚያው ክፍል ውስጥ በቀጥታ የተቀረጸ፣ መንትያ የሌለው። ሐሙስ ዕለት ከነአቧራው አንድ ጊዜ አጫወቱት። ልክ ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል የባንዱ መሪ ድምፅ ተሰማ፤ «በል እንግዲህ ዝምተኛው፣ ተናገር!» ይላል። ዝምተኛው አባታቸው ነው። በባንዱ ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራው አልነበረም፤ ይህንንማ ዜና አንባቢው ራሱ ስንት ጊዜ በሬዲዮ ተናግሮታል። እህቱ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አለቀሰች። አባትየው ድምፁን አልሰማም፤ የሳቀው የልጆቹን ፊት አይቶ ነው። «በስልክህ ቅረጸው እንጂ!» አለች እህቱ ወዲያው። ጥርስ ሠሪው ሳቀባት። «እትዬ ደግሞ! እንዲህ ያለ ሸክላ መርፌ በነካው ቁጥር ይበላል፤ ቆሽሾ ሁለት ጊዜ አይጫወትም። ላጽዳውና ቅዳሜ ዜና አንባቢውና የሸክላ ወዳጆቼ ሁሉ በተሰበሰቡበት አንዴ ንጹሑን እናጫውተዋለን፤ በደህና መሣሪያ ያኔ ይቀረጻል» አላት። የተናገረው እውነት ነው። ግን አፍቃሪ የሚሉት ፍጡር እንዲህ ነው፤ የሚወደውን ነገር እንደ ማንም ሰው አይነካውም፣ ጣጣ ያበዛበታል።

ጥርስ ሠሪው የሚሠራው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጓሮ፣ አንድ መስኮትና ሁለት ጠረጴዛ ባላት ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ያወለውላል። እጁ የረጋ ስለሆነ የሸክላ ወዳጆቹ «አጣቢው» ይሉታል፤ የሁሉንም ሸክላ የሚያጸዳላቸው እሱ ነው። ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚያስተምረው ሕግም አለው፦ ለፕላስቲኩ አልኮል፣ ለሙጫው ግን ለብ ያለ ውሃ ብቻ፤ አልኮል ሙጫን ያቀልጣልና። ይህን ሕግ እሱን ያህል የለፈፈ ሰው በከተማው የለም። እናም በዚያች ቅዳሜ ጠዋት የአባቱን ሸክላ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ፣ መብራቱን ዝቅ አድርጎ አየው። ሳክስፎኑ የሚገባበት አካባቢ መስመሮቹ ሰፋ ሰፋ ስለሚሉ በዓይን ይለያል፤ ልክ እዚያው ላይ ነጭ ሻጋታ አርፎበታል። «ካንተ እጀምራለሁ» አለው ሻጋታውን። ውሃ ሊያሞቅ ምድጃውን ለኮሰ። በዚህ መሐል ሐኪሙ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ የአንዲት ጠበቃ ጥርስ ለቀትር ይደርስ እንደሆነ ጠየቀው። «ይደርሳል፣ ምን ችግር አለው» አለ ጥርስ ሠሪው ወደ በሩ ዞሮ። አፉ ይህን ሲል እጁ ግን ዓመታት ሙሉ እንደለመደው ጥጥ አንስቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ከማይጠፋው ጠርሙስ ነክሮ፣ ከሻጋታው ጀምሮ መስመሩን ተከትሎ ሸክላውን ዙሪያውን አሸት አደረገው። አንዴ ብቻ። ጥጡን ሲገለብጠው ጥቁር ሆኗል። መጀመሪያ እድፍ መስሎት ደስ አለው። የአልኮሉ ሽታ አፍንጫው ሲደርስ ክው አለ።

ውሃ ደፋበት፣ በጨርቅ አደረቀው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አደረገ። ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ክብ ቀለበት ጥቁረቱና ማብረቅረቁ ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል። ከቀለበቱ ውጭ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ የተጎዳው ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል ያለችው ቦታ ብቻ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷስ የምትለቅመው አገኘች። ክፍሉ ውስጥ ማጫወቻ ስለሌለ የአባቱ ስም ይኑር አይኑር የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ምናልባት የተነካው ላይ ላዩ ብቻ ይሆናል፣ ምናልባት መርፌው ጠለቅ ብሎ ያገኘዋል እያለ ራሱን ያባብላል፤ ደግሞ ወዲያው ጥጡን ከቆሻሻው ቅርጫት አውጥቶ ያየዋል። ጥጡ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የሰው ድምፅ ነው ብሎ ማሰብ ያስቃል፤ እሱ ግን አላሳቀውም። የጠበቃዋን የፊት ጥርስ ሲያወለውል አንዱን ከመጠን በላይ ሞረደውና እንደገና ሠራው። ሐኪሙ «ዛሬ ምን ነካህ?» አለው። «እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለ። እስኪመሽ ድረስ ታምሜያለሁ ብሎ መተኛትም አሰበ። ግን አባቱ ክራቫት አስሮ ተቀምጧል።

ቤት ሲደርስ እህቱ ሾርባና ዳቦ አቅርባለች። ሽማግሌው ሾርባው ልብሱ ላይ እንዳይንጠባጠብበት ፎጣ አንገቱ ላይ አስሮ፣ እንደ ሕፃን ቀጥ ብሎ ይበላል። ጥርስ ሠሪው ሸክላውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ። እህቱ ስለ ቀለም ቀቢው ታወራለች፤ ለሁለት ክፍል የጠየቀው ዋጋ ቤቱን ሊገዛ እንጂ ሊቀባ አይመስልም አለች። ለቀለሙ ሌላ፣ ለመሰላሉ ሌላ። «ለመሰላል ኪራይ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችው። «አላውቅም» አለ። የአባታቸው ማንኪያ ሳህኑን ይመታል። በልጅነታቸው እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። አንዳች ነገር ሲያጠፋ ሳትጠይቀው የምታውቅበት መላ አላት፤ ምንም አትልም፣ ዝም ብላ ዳቦ ትጨምርለታለች። ዛሬም ሁለተኛውን ቁራሽ ሳህኑ አጠገብ ስታስቀምጥ ማንኪያውን አኖረ። «እትዬ» አለ። «ወዬ» አለች። አባትየው ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸው፤ ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ካየ ስለ እሱ የተወራ ነው የሚመስለው። «ምንም፤ ጨው ካለ ብዬ ነው» አለ ጥርስ ሠሪው። ጨው ፊት ለፊቱ ነበር። እህቱ አንስታ ሰጠችውና ረጅም ጊዜ አየችው። ሲወጡ የአባቷን ኮሌታ አስተካከለች፣ የጋዜጣውን ቁራጭ ከአገጩ ላይ በምራቋ አርሳ አነሳችለት፣ «ዛሬ ለብዙ ዓመት ያለቀስኩት እንባ ይታበሳል» አለችው በጆሮው እየጮኸች። እሷ ቀለም ቀቢውን ልትጠብቅ ቀረች፤ ልጁ አባቱን ቀድሞ ደረጃውን ወረደ።

የሸክላ ወዳጆቹ የሚሰበሰቡት ከገበያው ጀርባ፣ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ውስጥ ባለች ኋለኛ ክፍል ነው። ግድግዳው በሙሉ የተንጠለጠለ ሰዓት ነው፤ አንዱም ካንዱ አይስማማም። ሰዓት ሠሪው ሸክላ ከመጫወቱ በፊት አንድ በአንድ እየዞረ የሰዓቶቹን ተወዛዋዥ ዘንግ በጣቱ ያቆማቸዋል፤ መርፌው እስኪነሳ ድረስ ጊዜ የሚባል ነገር እዚያ ቤት አይሠራም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ መርፌ ሸክላውን ከነካ በኋላ ማንም አይናገርም የሚል ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ግን ወሬ እንደ ጉድ ነው። አባትና ልጅ ሲገቡ ሰዓት ሠሪውና ከወዳጆቹ አንዷ የሆነችው ነርስ እንደተለመደው በክርክር ተያይዘዋል። ነርሷ ጃዝ አይሆንላትም፤ የምትሰበስበው ተመራማሪዎች በየገጠሩ እየዞሩ የቀረጿቸውን የወፍጮ፣ የአጨዳና የለቅሶ ዜማዎች ነው። «ጃዝ ያላችሁት እኮ ከተማ ገብቶ ጫማ ያጠለቀ የባላገር ዘፈን ነው» ትላለች። ሰዓት ሠሪው «ባለፈው ያመጣሽው ላይ ከሴትየዋ ይልቅ ውሻው ነው የዘፈነው፤ ለውሻ ጩኸት ያን ያህል ገንዘብ ይወጣል?» ይላታል። «ለከበሮ መቺው ሳል አንተስ ስንት አወጣህ?» አለችው። «ሳሉ እኮ ምት ጠብቆ ነው!» ሁለቱም ሳቁ፤ ሽማግሌውም ምን እንደተባለ ባያውቅም አብሯቸው ሳቀ።

ዜና አንባቢው ግን አልሳቀም። ጥግ ላይ፣ ማጫወቻው አጠገብ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ሰዎች ፊት ሲሆን ካሜራ ያለ ይመስል አንገቱን ያቀናል። ሽማግሌውን ሲያይ ግን ተነሣ፣ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ከድምፅ ማጉያው ፊት ያለውን ወንበር ለቀቀለት። «እርስዎን በማግኘቴ ክብር ይሰማኛል» አለ፤ ዓረፍተ ነገሩ በሬዲዮ የተነገረ ያህል ጥርት ብሎ ወጣ። ቀጥሎም ወደ ጥርስ ሠሪው ዞሮ፣ «አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ አጣቢው፤ ስለ ሻምበሉ የተናገርኩት ከባንዱ መሪ ባለቤት አፍ ሰምቼ ነው። ማስረጃ ካየሁ ነገውኑ በሬዲዮ እታረማለሁ። ወሬ ከሆነ ግን አባትህ ናቸው ብዬ አላልፈውም» አለው። «ልክ ነው ጋሼ» አለ ጥርስ ሠሪው። ሽማግሌው «ምን አለ?» ብሎ ጮኸ። «ማስረጃውን ልይ ነው የሚሉት!» አለው ልጁ። «ይይ! ጆሮ አለው አይደል፣ ይስማ!» አለ ሽማግሌው ደስ ብሎት።

ሰዓት ሠሪው እየዞረ ሰዓቶቹን ማቆም ጀመረ። ዜና አንባቢው እጁን ዘረጋ፤ በዚህ ቤት ሸክላ ከመጫወቱ በፊት አንድ ሰው መብራት ሥር ይዞት ጤንነቱን ይመረምራል፣ ያም ሰው ሁልጊዜ እሱ ነው። ጥርስ ሠሪው ሸክላውን ከጨርቁ አውጥቶ ሰጠው። ዜና አንባቢው ጠርዙን በመዳፎቹ ይዞ ወደ መብራቱ ዘንበል አደረገው። ዞር አደረገው። ግራጫው ቀለበት ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ወደ አፍንጫው ጠጋ አደረገና አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ጥርስ ሠሪውን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አይደለም፣ ግን በዚያች አስተያየት ውስጥ ሁሉም ነገር እንደተነገረ ጥርስ ሠሪው አወቀ። አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። እንዲያውም ይናገርልኝ ብሎ በልቡ ለመነ፤ ከእኔ አፍ ከሚወጣ ከሱ አፍ ይውጣ ብሎ። ዜና አንባቢው ግን ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጦ መርፌውን አሳረፈ።

ባንዱ ገባ። ከነጭረቱ፣ ከነእርጅናው፣ ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጃዝ አይሆንላትም ያልናት ሴት እግሯን ታንቀሳቅስ ጀመር። ሽማግሌው ግን የሚሰማው ከወለሉ የሚመጣውን ንዝረት ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ መርፌውን በዓይኑ ይከተላል። መስመሮቹ የሚሰፉበትን ቦታ እሱም ያውቀዋል። መርፌው ወደ ቀለበቱ ሲጠጋ ጣቱን ወደ ላይ አነሳ። «አሁን!» ብሎ ጮኸ፣ ሕጉን ጥሶ። መርፌው ግራጫው ላይ ወጣና እንደ ቀዳዳ ቧንቧ ሿ አለ። ሿሿታው ቆየ፤ አንድ ጊዜ የሆነ ድምፅ ቀና ሊል የሞከረ መሰለና ተመልሶ ሰጠመ። ከዚያ ድንገት ጠራ፣ ሳክስፎኑም ወጣ። ስሙ ግን የለም። ሳክስፎኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀጠለ፤ ከታተመው ሸክላ ይልቅ ዘገም ያለ፣ እየተጠራጠረ የሚሄድ፣ አንዱ ቦታ ላይ ሊወድቅ ሲል ተይዞ የሚነሳ። ሽማግሌው እጁን በዝግታ አወረደና ሁሉንም በየተራ አያቸው። ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ ላለማየት ልጁ ጫማውን አየ።

መርፌው ተነሣ። ሰዓቶቹም ቆመዋል። «ሰማችሁ?» አለ ሽማግሌው። ነርሷ ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳር አላደረገችበትም። ሰዓት ሠሪው አንዱን ሰዓት አውርዶ ጀርባውን ያይ ጀመር። ጥርስ ሠሪው አፉን ከፈተ፤ ሁለት ነገር ተጋጩበት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት ቢል፣ አባቱ በሕይወቱ ያገኘው አንድ ምስክር በገዛ ልጁ እጅ መሞቱን በሰው ፊት ይሰማል። ዝም ቢል፣ አባቱ ውሸታም ሆኖ ከዚህ ክፍል ይወጣል። ያኔ ዜና አንባቢው ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ሽማግሌውም እንዲያነብለት ከንፈሩን ከፍቶ፣ በትልቁ፣ ቀስ እያለ፣ «ሰምቻለሁ» አለ። «ስምዎ ተጠርቷል። የነፋው ሻምበሉ ሳይሆን እርስዎ ኖረዋል። ነገ በፕሮግራሜ ላይ ስህተቴን አርማለሁ።» ሽማግሌው «ተጠርቷል?» አለ። «ተጠርቷል!» አለ ዜና አንባቢው። ነርሷም አንገቷን ነቀነቀች፤ ሰዓት ሠሪው «እንዴታ» አለ ሰዓቱን ሳይለቅ። ሽማግሌው ዜና አንባቢውን አንገቱን አቅፎ ሳመው። ጥርስ ሠሪው መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው። ወዲያው ግን በዚያ እፎይታ አፈረ። በር ላይ ሊሰናበተው ሲል ዜና አንባቢው ዓይኑን አላየውም፤ «ሽማግሌ ናቸው» ብቻ አለው በለሆሳስ፣ ትከሻውንም መታ መታ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

አውቶብሱ ሙሉ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ሴት ለሽማግሌው ተነሣችለት፤ እሱም ሸክላውን ከልጁ ተቀብሎ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጥርስ ሠሪው አጠገቡ ብረቱን ይዞ ቆመ። ሽማግሌው እንዲህ ሲያወራ ታይቶ አይታወቅም፤ ዝምተኛው ብለው የሰየሙት ሰዎች ቢሰሙት ስሙን ይቀይሩለት ነበር። የዚያን ዕለት ሻምበሉ ትኩሳት ይዞት እንደቀረ፣ መሪው «ወይ አንተ ወይ ማንም» ብሎ እንደገፋው፣ ከፍርሃቱ ብዛት አፉ ውስጥ ምራቅ ጠፍቶ የሳክስፎኑን አፍ በሻይ እንዳራሰ ተረከ። ሁሉን ሲናገር ይጮሃል፤ ተሳፋሪው በሙሉ የሆቴሉን ባንድ አወቀ። «ነገ ሬዲዮውን ማንም እንዳይዘጋው! እህትህ እንዳትዘጋው ንገራት!» አለ። ጥርስ ሠሪው አንገቱን ነቀነቀ። ነገ ማለት ነገ ነው። በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ፊት ያ ሰውዬ ያልሰማውን ሰማሁ ይላል፣ አባቱም በሰው ውሸት ላይ ተቀምጦ ይኮራል፣ እህቱም ታለቅሳለች፣ እሱም አብሮ ይስቃል፤ እስከ መቼ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሌላው ሁሉ ሲያውቀው የማያውቀው አባቱ ብቻ ሊሆን ነው። «ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ አይደል? ሐሙስ እንደሰማችሁት?» አለ ሽማግሌው ቀና ብሎ።

«አልተሰማም አባዬ» አለ ጥርስ ሠሪው።

«ምን?»

እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ይነገራል ብሎ ነበር የሚያስበው፤ በጨለማ ክፍል፣ አንገት ተደፍቶ። አጎንብሶ አፉን ለአባቱ ጆሮ አስጠጋ፤ አልበቃም። «አልተሰማም!» ብሎ ጮኸ። «ስምህ አልተሰማም! ጠዋት ሳጸዳው አበላሸሁት! በአልኮል! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!» ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። የተነሣችው ልጅ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ከፊት ያለ ሰውዬ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ዞረ። ሽማግሌው ልጁን አየው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየና ቀስ በቀስ ሄደ። ሸክላውን ከጨርቁ ግማሽ ድረስ አወጣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው፣ ግራጫውን ቀለበት አገኘው። በአውራ ጣቱ ሊነካው ፈለገና ተወው። አውቶብሱ ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ሄደ፤ ሽማግሌው ገና ቀለበቱን ያያል። ጥርስ ሠሪው ብረቱን ይዞ እንደቆመ እንባው አገጩ ድረስ ወርዷል፤ ሊጠርገው እጁን ቢለቅ የሚወድቅ መሰለው።

«ታዲያ ያ ሰውዬ ምን ሰምቶ ነው?» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«ምናልባት አነፋፍህን» አለ ልጁ።

«ምን?»

«አነፋፍህን ሰምቶ ይሆናላ! አነፋፉ ያንተ እንደሆነ አውቆ!»

ሽማግሌው አሰበበት። «እሱን ከሆነ የሰማው፣ እሱን ሰማሁ ይበል» አለ። «አዝኖልኝ ከሆነም ሐዘኔታውን መልሶ ይውሰድ። ዕድሜ ልኬን እኔ ነኝ እኔ ነኝ ስል የኖርኩት እውነት ስለሆነ ነው። ነገ ደግሞ በሬዲዮ ውሸት ሊጨምርበት ነው? ምጽዋት ነው እንዴ የለመንኩት?» ሸክላውን መልሶ ጠቀለለ፣ ጨርቁን በጥንቃቄ አጠፈ፣ ለልጁ አቀበለው። ባርኔጣውን ደፋ። «አንተን ቤት ስንገባ እደርስብሃለሁ» አለው፤ ድምፁ ግን እንደ ቁጣም አልነበረም፣ እንደ ይቅርታም አልነበረም፤ አንዱን ነገር ሳይጨርስ ሌላውን የማይጀምር ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ የፊቱን ወንበር ተደግፎ ተነሣ። አውቶብሱ ሲታጠፍ ተወዛወዘ፤ ልጁ ሊይዘው እጁን ቢሰድ በክርኑ ገፋው።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየና ፌርማታው ገና ነው ሊል አፉን ከፈተ። ሽማግሌው ግን የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ በሁለት እጁ ብረቱን ይዞ፣ ክራቫቱ ትከሻው ላይ ተገልብጦ፣ በሩን እያየ «ወራጅ አለ እኮ ነው የምልህ!» አለ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ጥርስ ሠሪው ሸክላውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሰው መሐል እየተጋፋ ወረደ። ሽማግሌው አልጠበቀውም፤ በመጡበት መንገድ ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ መራመድ ጀምሯል።